አንዱ ሰበካ በጥር ሲሸጥ፣ ሌላው በሐምሌ ሲገዛ

(በአዲስ አበባ ልደታ፣ ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ኃላፊዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ የሥራ ዘመን ነው። «ይህ ከሰበካ ጉባኤ አገልግሎት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሊመላለስ እንደሚችል እንገምታለን። ስለዚህ ከተመራማሪዋ በፊት በራሳችን ላይ ከደረሰው ነገር መጀመር ይገባናል።

ባለፈው ዓመት በእኛ በፕሮጀክት ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው በጥር ወር ከአንድ የገጠር ሰበካ የመጣ ነው። ሰበካው ምእመናን በዐሥራት ያስገቡትን ጤፍና ስንዴ ሸጦ የቤተ ልሔሙን ጣሪያ ቆርቆሮ ሊያለብስ አስቦ ነበር። ዳሩ ግን ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ወደ ገበያ ስለ ወጣ ዋጋው ወደቀ፤ የተገኘው ገንዘብም የቆርቆሮውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። ደብዳቤው ቀሪውን እንድናግዝ ይጠይቃል። ሁለተኛው ደብዳቤ በሐምሌ ወር ከአንድ የከተማ ሰበካ የመጣ ነው። ይህ ሰበካ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን በየወሩ ጤፍ እየሰፈረ ይረዳል። የጤፍ ዋጋ ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት ከተረጂዎቹ ብዙዎችን ከዝርዝሩ ለማውጣት መገደዱን ገልጾ ርዳታ ይለምናል።

እኛም ሁለቱን ደብዳቤዎች በወጉ መዘገብናቸው። አንዱን በሕንጻ ዕድሳት ፋይል፣ ሌላውን በማኅበራዊ ርዳታ ፋይል አስቀመጥናቸው። ለሁለቱም «በጀት ሲገኝ ይታያል» የሚል መልስ ላክን። በጥር የተሸጠው ጤፍ በሐምሌ ለእነዚያ አረጋውያን ሊደርስ ይችል እንደ ነበር ያስተዋልነው የዓመቱን ሪፖርት ስናጠናቅር ነው። በዚያን ጊዜ ጤፉ ለነጋዴ ተሽጦ አልቋል። ከዝርዝሩ ከወጡት እናቶች መካከልም አንዲቱ ዐርፈዋል። በረኃብ ዐረፉ ለማለት አንደፍርም፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሕመምም ያለባቸው ነበሩ። ነገር ግን ስማቸው ከእኛ ዝርዝር ወጥቶ ሳለ ዐረፉ። ይህን በልባችን ይዘን ነው ወደዚህ ርእስ የምንገባው።

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱ የተረፈውን በርካሽ ሲሸጥ ሌላው የጎደለውን በውድ ይገዛል፤ ሁለቱም አይተዋወቁም። የዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የምርምር ሕይወት የተነሣው ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ የእርሳቸው ጥያቄ በአገር ልክ መሆኑ ነው።

ጥያቄው የተነሣበት ዘመን

ዶክተር እሌኒ አባታቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይሠሩ ስለ ነበር ልጅነታቸውን ያሳለፉት በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ነው። በ1977 ዓ.ም. የአገራችን ሰሜናዊ ክፍል በረኃብ ሲያልቅ እርሳቸው በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በዚያ ወራት በልባቸው ያደረውን ጥያቄ ከዚያ በኋላ በየመድረኩ ሲናገሩት ቆይተዋል። በአንዱ የአገሪቱ ክፍል ሰው በረኃብ ሲረግፍ በሌላው ክፍል እህል ነበር፤ ታዲያ እህሉ ለምን አልሄደም? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘው በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1998 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የዶክትሬት ጥናታቸው የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ነበር። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምም ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሐፍ መልክ አሳትሞታል።

ጥናቱ የተካሄደበትን ጊዜ ማስታወስ ይጠቅማል። በደርግ ዘመን ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስገባ በኮታ ይገደድ ነበር፤ እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳይሻገርም በየመንገዱ ኬላ ነበረ። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ ኮታው ቀረ፤ የእህል ንግድም ነጻ ሆነ። ብዙዎች «እንግዲህ እህል እንደ ውኃ ወደ ጎደለበት ይፈስሳል» ብለው ተስፋ አደረጉ። ነጋዴው በዛ፣ ጭነት መኪናውም በዛ፤ ነገር ግን የምርት ወቅት ዋጋና የክረምት ዋጋ እንደ ተራራቁ ቀሩ። ዶክተር እሌኒ የጠየቁት፣ ኬላው ከተነሣ በኋላ ደግሞ እህሉን ያሰረው ምንድን ነው ብለው ነው።

በእህል በረንዳ የተገኘው መልስ

መልሱን የፈለጉት በቢሮ ተቀምጠው አልነበረም። ከዚህ ከልደታ ወደ መርካቶ በእግር ብንወጣ የምንደርስበት እህል በረንዳ ከጥናታቸው ዋና ስፍራዎች አንዱ ነው። ነጋዴውንና ደላላውን ከማን እንደሚገዛ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ማንን እንደሚያምን፣ ስንት እንደሚከፍል ጠየቁ።

ያገኙት ነገር ለእኛ ለሰባክያን ትንሽ የሚያስደነግጥ ነው። ብዙ ጊዜ በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ እህል መወደድ ስንናገር ጣታችንን የምንቀስረው በደላላው ላይ ነው። የዶክተር እሌኒ ጥናት ግን ደላላው በዚያ ገበያ ውስጥ እውነተኛ ሥራ እንደሚሠራ አሳየ። በጎጃም ያለ ነጋዴ በድሬዳዋ ያለውን ገዥ አያውቀውም። እህሉ ንጹሕ መሆኑን፣ ሚዛኑ ልክ መሆኑን፣ ገንዘቡም በጊዜው መከፈሉን የሚያረጋግጥለት ሕግም ሆነ ተቋም የለም። ሁለቱም የሚያውቁት ግን አዲስ አበባ ያለውን ደላላ ነው። ደላላው ጆንያውን ከፍቶ እህሉን በእጁ ይዘግናል፣ ያሸታል፣ በጥርሱ ይሞክራል፤ ለሻጩ ገዥ ይፈልግለታል፤ ለድካሙም ክፍያ ይቀበላል። የእርሱ ሀብት ስሙ ነው። ስሙ ከጠፋ ደንበኛው ሁሉ ይሸሸዋል።

እንግዲህ እህሉን ያሰረው አለመተዋወቅና አለመተማመን ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን «የግብይት ወጪ» ይሉታል። በቀላል አነጋገር፣ ለእህሉ ከሚከፈለው ዋጋ ሌላ ገዥን ለመፈለግ፣ ጥራትን ለማየት፣ ሚዛንን ለማመሳከር፣ ገንዘብን ለመሰብሰብ የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ነው። እህሉ የታወቀ ደረጃ ስለሌለው በዐይን መታየት አለበት። በዐይን እንዲታይም ይጓጓዛል፣ ይራገፋል፣ ጆንያው ይከፈታል፣ እንደ ገና ይጫናል። ይህ ሁሉ ወጪ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል፣ በበላተኛው ዋጋ ላይ ይጨመራል።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። ዶክተር እሌኒ ማርሴል ፋፍሻምፕ ከተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጋር በቤኒንና በማላዊ የእርሻ ምርት ነጋዴዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። በእነዚያም አገሮች አብዛኛው ነጋዴ ሸቀጡን በዐይኑ አይቶ፣ ገንዘቡን በእጁ ቆጥሮ የሚነግድ ነው። በዱቤ መስጠትም ሆነ ሳያዩ ማዘዝ የሚሆነው በጣም በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ብቻ ነው። ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ብቻ ከሆነ ንግዱ ከትውውቁ ክበብ አይወጣም።

ጥጋብ ያመጣው ጉዳት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የዘር፣ የማዳበሪያና የምክር አገልግሎት ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ዝናቡም ደግ ሆነ፤ በተለይ በቆሎ እጅግ ተመረተ። ነገር ግን ምርቱን የሚቀበል ጎተራ፣ የሚያገናኝ ገበያ አልተዘጋጀም ነበር። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ገበሬ ምርቱን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ማጨጃና ማጓጓዣው ከዋጋው ስለ በለጠም አዝመራውን በማሳው ላይ የተወ ነበረ። በተከታዩ የዘር ወቅት ብዙው ገበሬ የማዳበሪያ ግዥውን ቀነሰ። ወዲያው ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆኑ።

ክቡራን አባቶች፣ ይህን ልብ እንበለው። በአንድ ዓመት እህል በማሳ ላይ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕዝብ ተራበ። የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም እናስተምራለን። ዮሴፍ ፈርዖንን የመከረው በጥጋቡ ዘመን ብዙ እረሱ ብሎ ሳይሆን የጥጋቡን ዘመን ምርት አከማቹ ብሎ ነበር። እኛ የልማት ሠራተኞች ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ እንመክራለን። በየሪፖርታችን «ምርት በዚህን ያህል ጨመረ» ብለን እንጽፋለን፤ የጨመረው ምርት የት እንደ ሄደ፣ በስንት እንደ ተሸጠ ግን አንጽፍም።

የምርት ገበያው መቋቋም

ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አገራቸው ተመልሰው የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋሙን የኢትዮጵያ መርሐ ግብር ይመሩ ጀመር። ለዓመታት ያጠኑትን ወደ ተግባር ለማምጣት ከመንግሥት ጋር ሠርተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቋመ፤ በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚም እርሳቸው ሆኑ። ማዕከሉ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ሜክሲኮ አካባቢ ስለ ነበር የልደታ ሰዎች በደንብ ታውቁታላችሁ።

የገበያው አሠራር የጥናቱን መልስ ተከትሎ የተሰናዳ ነው። እህሉ በዐይን መታየት ስላለበት ይንገላታ ነበር፤ እንግዲህ በምርቱ አካባቢ ባለ መጋዘን ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ባለቤቱም ደረሰኝ ይቀበላል። በአዲስ አበባ የሚሻሻጠው ምርቱን የሚወክለው ያ ደረሰኝ ነው፤ ምርቱ ከመጋዘኑ አይነቃነቅም። ሻጩ ገንዘቤ ይቀርብኛል ብሎ ይፈራ ነበር፤ እንግዲህ ገዥው አስቀድሞ ገንዘቡን በባንክ ያስይዛል፣ ሻጩም በማግስቱ ይከፈለዋል። ገበሬው ዋጋ አያውቅም ነበር፤ እንግዲህ የዕለቱ ዋጋ በስልክና በየከተማው በተተከሉ የዋጋ ሰሌዳዎች ይነገራል። በግብይቱ አዳራሽ ሻጭና ገዥ መዳፍ ለመዳፍ አማትተው ሲስማሙ ያየ ሰው፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ተቋም አማካይነት ሲተማመኑ አየ ማለት ነው።

ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኃላፊነታቸው ከለቀቁ በኋላ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ገበያ ለማቋቋም በሚያደርጉት ጥረት ውስጥ ሠርተዋል።

የቀረው ክፍል

የሰውን ሥራ ማክበር ጎደሎውንም መናገርን ይጨምራል። ገበያው ሥራውን የጀመረው በበቆሎና በስንዴ ነበር። ዳሩ ግን በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ገበያው ከገባ በኋላ የግብይቱ ዋና ክፍል ወደ ውጭ የሚላኩት ቡና፣ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ ሆኑ። ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ፣ የማን ማሳ ቡና እንደ ሆነ መለየት የሚፈልጉ ገዥዎች ቅሬታ ነበራቸው፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ሌሎች የመሸጫ መንገዶችንም ከፍቷል። ጥያቄውን በመጀመሪያ ያስነሣው የምግብ እህል ግን በአብዛኛው ዛሬም የሚገበያየው በየአካባቢው ገበያ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወደዚያ መጋዘን የሚገባው ብዙ ኩንታል በአንድ ጊዜ ነው። የእኛ ምእመን የሚሸጠው ግን በአህያ የሚጫን አንድ ወይም ሁለት ኩንታል ነው፤ አንዳንዱም በቁና ሰፍሮ በትከሻው ተሸክሞ ይወጣል። ትልቁ ተቋም እስከዚህ ድረስ አልወረደም። ከዚህ በታች ያለውን መንገድ የሚጠርገው በየቀበሌው ያለ፣ ሕዝብ የሚያውቀውና የሚያምነው ሌላ ተቋም መሆን አለበት። በየቀበሌው ከሚገኙት እንዲህ ካሉ ተቋማት አንዱ የእናንተ ሰበካ ጉባኤ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ሌሎች ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትን እናንሣ። በምኒልክ ዘመን ከአውሮፓ ተምረው የመጡት፣ በኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለ መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ትርፉ ወደ ዐዋቂው እንደሚያደላ በዚያ መጽሐፍ አስተምረዋል። ነገሩ በሁለት አገሮች መካከል እንደሚሠራ ሁሉ በአንድ ገበሬና በአንድ ነጋዴ መካከልም ይሠራል።

በዘመናችን ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ገዳ የአፍሪካን ንግድና የገንዘብ ችግር ሲያጠኑ ኖረዋል። ከኃይሌ ክብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያን ምሳሌ አድርገው፣ አገሮች የንግድ ማኅበር መመሥረታቸው ብቻውን እርስ በርስ የሚያደርጉትን ንግድ ጎላ አድርጎ እንዳላሳደገው አሳይተዋል። ጎረቤታሞች ውል ተፈራርመው ሳለ የጎደላቸውን ከሩቅ ይገዛሉ። ይህን ስናነብ ሁለቱ ደብዳቤዎቻችን ትዝ አሉን። እኛም በአንድ ቃለ ዓዋዲ የምንተዳደር፣ በአንድ መንበር ሥር ያለን ነን። ነገር ግን የገጠሩ ሰበካ ጤፍ ወደ ከተማው ሰበካ የሚደርሰው፣ የሚደርስም ከሆነ፣ በአራት ነጋዴ እጅ ዞሮ ነው።

ለሰበካዎቻችን የምናቀርበው

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለመጪው ዓመት ዕቅዳችሁ አራት ነገሮችን እንለምናችኋለን።

አንደኛው ማወቅ ነው። በየሰበካው አንድ የዋጋ መዝገብ ይከፈት። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ በየገበያው ቀን የጤፍን፣ የስንዴን፣ የበቆሎንና የባቄላን ዋጋ ይጻፍ። የወረዳውን ከተማና የአዲስ አበባን ዋጋ ደግሞ በስልክ ጠይቆ በጎኑ ያስፍር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከማስታወቂያው ጋር ይነበብ። ይህ ከአንድ ደብተርና ከትንሽ የስልክ ካርድ በቀር ወጪ የለውም።

ሁለተኛው መመዘንና መለየት ነው። ዐሥራት በቁናና በጣሳ ተሰፍሮ፣ ነጩ ከሰርገኛው ጋር ተደባልቆ የሚገባበት ሰበካ ብዙ ነው። የተደባለቀ ጤፍ በሰርገኛ ዋጋ እንኳ ለመሸጥ ያስቸግራል። ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛውና ቀዩ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ይበጠር፤ በታረመ ሚዛን ይመዘን፤ በጆንያው ላይም ይጻፍበት። ገዥው ሳያይ እንዲያምነን የምንፈልግ ከሆነ የምንጽፈው እውነት መሆን አለበት። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ለእናንተ መንገር አይገባንም።

ሦስተኛው ማቆየት ነው። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። በቆሎና ማሽላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ በነቀዝ ይበላሉ። ለእነርሱ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት በገበያ ይገኛል፤ እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና አፉ ጠብቆ ከታሰረ ነቀዙ ያለ መድኃኒት በአየር እጦት ይሞታል። ጎተራው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይሁን፤ ጆንያው ከግድግዳ ይራቅ። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ይህ ሰውን ከመጠርጠር ሳይሆን ሰውን ከሐሜት ከመጠበቅ የሚመጣ ሥርዓት ነው።

አራተኛውና ዋናው መተሳሰር ነው። የገጠሩ ሰበካ በጥር የሚሸጠው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ ገንዘቡን በጥር ስለሚፈልገው ነው። ጣሪያው ከበልግ ዝናብ በፊት መሸፈን አለበት። ስለዚህ «ቆይታችሁ ሽጡ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። የከተማው ሰበካ ለአረጋውያኑ የዓመት ጤፍ ካሰበው ገንዘብ የተወሰነውን በጥር ለገጠሩ ሰበካ በቀብድ ቢሰጥ፣ ዋጋውም በጥሩና በሐምሌው መካከል በስምምነት ቢቆረጥ፣ የገጠሩ ጣሪያውን ይከድናል፤ የከተማው ክረምቱን ያለ ሥጋት ይሻገራል። ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በሁለቱም ሰበካ ጉባኤያት ማኅተም ይሁን። ብዛቱ፣ ዓይነቱ፣ ደረጃው፣ የማስረከቢያው ቀን፣ የመኪናው ኪራይ በማን እንደሚሸፈንና እህሉ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ በውሉ ይስፈር። ከወረዳው የንግድና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ጋርም መመካከር ያስፈልጋል።

ጥንቃቄዎች

«ቤተ ክርስቲያን እህል ታከማቻለች» ተብሎ እንዳይነቀፍ ሐሳባችንን አጥርተን እንያዝ። ዋጋ እስኪንር ድረስ እህልን ከተራበ ሰው ደብቆ መያዝ ኃጢአት ነው፤ በአገር ሕግም ያስጠይቃል። እኛ የምንለው አስቀድሞ ባለቤቱ የታወቀ፣ ዋጋው የተቆረጠ እህልን በአደራ ስለ ማቆየት ነው። በየገጠሩ ሰበካ ያሉ ችግረኞችም መቅደም አለባቸው፤ የራስን ደጅ ባዶ አድርጎ ወደ ከተማ መላክ አይገባም። አዝመራው በተበላሸበት ዓመት ውሉ እንዲላላ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ይተውለት።

ደላላውንም አንርገመው። ታማኝ መሆኑ የተመሰከረለት ደላላ ምእመናችን ከሆነ እውቀቱን እንጠቀምበት፤ የድካሙንም እንክፈለው። ገበያውን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

ሌላም የምንናዘዘው አለ። ይህ ሐሳብ በሁሉም ቦታ አይሠራም። መንገድ በሌለበት የመኪናው ኪራይ ትርፉን ሁሉ ይበላዋል። በዚህ ዓመት የምንጀምረው በጥቂት ሰበካዎች ነው፤ ቢሳካም ባይሳካም ውጤቱን በዚሁ መጽሔት ላይ እንደ ሆነው እንጽፈዋለን።

ማጠቃለያ

ዶክተር እሌኒ ከተማሪነታቸው ዘመን እስከ ገበያው መክፈቻ ቀን ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ ይዘው ኖረዋል። ከዚህ የምንማረው በመጀመሪያ ትዕግሥትን ነው። ከዚያም ከመፍረድ በፊት ወርዶ መጠየቅን እንማራለን። እህል ለምን አልሄደም ብለው ጠየቁ እንጂ ነጋዴው ለምን ከፋ ብለው አልጀመሩም።

እኛም በዘንድሮው የዕቅድ ቅጽ ላይ ሁለት መሥመሮች ጨምረናል። አንዱ «በዚህ ዓመት የምትሸጡት እህል ምን ያህል ነው? በየትኛው ወር?» ይላል። ሌላው «በዚህ ዓመት የምትገዙት እህል ምን ያህል ነው? በየትኛው ወር?» ይላል። ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ከዚህ በፊት ጠይቀናችሁ አናውቅም። ቅጾቹ ሲመለሱ ሁሉንም በአንድ ፋይል እናስቀምጣቸዋለን፤ ሻጩንና ገዥውንም ጎን ለጎን እናነባቸዋለን። ያረፉት እናት ስም በነበረበት በዚያ የከተማ ሰበካ ዝርዝር ላይ ዛሬም የሚጠባበቁ አረጋውያን አሉ፤ ሐምሌም ሩቅ አይደለም። እባካችሁ ሁለቱን መሥመሮች ባዶ አትተዉአቸው።

የአባቶቻችን ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።